የመጨረሻዋ የወይራ ፍሬ

ዴልፊና ምራቷ ሎሬዳና ስለ እሷ ስታወራ የሰማችው ዓርብ ጠዋት፣ በመድኃኒት ቤቱ መጋረጃ ጀርባ፣ ክንዷን ለደም ግፊት መለኪያው ማሽን ሰጥታ እንደተቀመጠች ነው። ሎሬዳና እዚያ መድኃኒት ቤት ስትሠራ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ዴልፊና ግፊቷን የምትለካው ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሆነ በዓርብ ቀን ትመጣለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በጎን በር ገብታ፣ ሳንቲሟን ማሽኑ ውስጥ ጥላ፣ ማንንም ሳታስቸግር ልትወጣ ነበር። ማሽኑ ክንዷን ግጥም አድርጎ ይዞ መንፋት ሲጀምር ከመጋረጃው ወዲያ ካርቶን ሲቀደድ ተሰማ። ቀጥሎ አንዲት የሎሬዳና የሥራ ባልደረባ፣ ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ፣ ማታ አማትሽ ጋ ነሻ አለቻት። ሎሬዳና አዎ አለች። ሴትዮዋ አሁንም አልተወቻትም፤ ለምን አንድ ቀን ቤትሽ እራት ጠርተሻት አትገላገዪም ስትል ጠየቀቻት።

«እራት ብጠራት ቤቴ ልትገባ ነው» አለች ሎሬዳና። «አንዴ ከገባች ደግሞ አለቀልኝ። አፔሪቲቮ ይሻላል። አንድ ብርጭቆ፣ ትንሽ የወይራ ፍሬ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ዴልፊና ተነስታ መሄድ አማራት፤ ማሽኑ ግን ክንዷን አልለቅ አለ። ነፋ፣ ነፋ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተነፈሰና ቁራጭ ወረቀት ተፋላት። መቶ ሰባ በዘጠና አምስት ይላል። ማክሰኞ ዕለት መቶ አርባ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ካፖርቷን ቆለፈች፣ በመጣችበት በር ወጣች። ትራም ማቆሚያው ጋ ደርሳ ሁለት ትራም አልፏት ሦስተኛው ሲመጣ ነው እዚያ መቆሟን እንኳ ያወቀችው።

«እስከ መቼ» የሚለው ነው አንጀቷ ውስጥ የቀረው። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት እስከ መቼ ስትባል መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ መድኃኒት ቤት መሥራት አያስፈልግም። ዓርብ ለእሷ ምን እንደነበረ እነሱ የት ያውቁታል? የልብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ፣ ይኸው ዓመት ከአራት ወር፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር ልጇ ፋብሪዚዮና ሎሬዳና ፖ ወንዝ አጠገብ ወዳለው አዲሱ ባር ይዘዋት ይሄዳሉ። ዴልፊና ሐሙስ ማታ ፀጉሯን ትጠቀልላለች። ዓርብ የጆሮ ጌጧን ታደርጋለች። ደረጃው ላይ ጎረቤቷን ኢዮላንዳን ካገኘች፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጋ፣ ዛሬ እንኳ ልጆቼ ጋ ነኝ ትላታለች። ኢዮላንዳ ልጆቿ አውስትራሊያ ናቸው፤ እድለኛ ነሽ ብላ ትመልሳለች። ዴልፊናም እድለኛ ነኝ ብላ አምና ነበር።

እርግጥ ቤታቸው እራት አልጠሯትም። እሱን ልብ ሳትለው ቀርታ አይደለም፤ ሰው ልብ ያለውን ሁሉ አውጥቶ አይናገርም እንጂ። እሁድ ለምሳ እንዳይመጡ የልጅ ልጇ ጂኔቭራ እሁድ የመረብ ኳስ ውድድር አለባት ይባላል። የአምናው ገና ምግብ ቤት ነበር የተከበረው፣ የቤታችን ምድጃ ተበላሽቷል ተብሎ። የዘንድሮውም ገና እንደዚያው። ሁለት ገና ሙሉ የማይጠገን ምድጃ ምን ዓይነት ምድጃ እንደሆነ ዴልፊና አልፎ አልፎ ታስብ ነበር፤ አስባም ትተወው ነበር። አሁን ትራም ውስጥ ቆማ አልተወችውም። አንድ በአንድ ሰበሰበችው፣ ደረደረችው፣ የሎሬዳናን ቃል ጫፉ ላይ አኖረችው፣ ደሟም ፈላ።

አፔሪቲቮ፣ ይኸ ከእራት በፊት የሚጠጣው፣ ምን እንደሆነ ለዴልፊና የሚያስተምራት ሰው በቶሪኖ ከተማ የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሲኞር ቴሬዚዮ ባር ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ለሌላው ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። አፔሪቲቮ ለማንም ይጋበዛል። ለመሥሪያ ቤት ሰው ይጋበዛል፣ ለኢንሹራንስ ሻጭ ይጋበዛል፣ ስሟን በውል ለማታውቃት የጓደኛ ጓደኛ ይጋበዛል። ቆሞ ሊጠጣ ይችላል፣ ካፖርት ሳይወልቅ ሊጠጣ ይችላል፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማንም ማንንም ሳያስቀይም ይለያያል። እራት ግን የቤት ሰው ነው። አንድ ሰው የቤት ሰው መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚቀመጠውና ካፖርቱን የሚያነሳው የሚለየው ያን ጊዜ ነው። እሷ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ካፖርቷን ስታነሳ ኖራለች። የሚያሳስባት ምግቡ አልነበረም። የልጇ ማዕድ ላይ ወንበር አላት ወይስ የላትም ነው ነገሩ።

ከትራም ወርዳ ወደ ቤቷ አልገባችም። ገበያው መግቢያ ላይ ቆማ ለፋብሪዚዮ ደወለች። ፋብሪዚዮ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ስልኩን ሲያነሳ ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ዛሬ ባር አንሄድም አለችው፤ አፔሪቲቮውን እኔ ቤት፣ እኔ ነኝ የማዘጋጀው፤ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ኑ፣ ለሎሬዳናም ንገራት። ለምን ትደክሚያለሽ፣ ልብሽስ አላት። ልቤ ደህና ናት አለችው ዴልፊና። ዘጋችው።

ፖርታ ፓላሶ ገበያ የካቲት ጭጋግ ውስጥ ሆኖም ጫጫታው አይቀንስም። ከአሥር ዓይነት የወይራ ፍሬ ውስጥ ትንንሾቹን ጥቋቁሮች መርጣ፣ ሁለት ቀምሳ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሻጩ እያያት ቀምሳ ሁለት መቶ ግራም አስመዘነች። ጨው ውስጥ የተኛውን ስስ ዓሣ ከሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሄዳ ሰባት ዩሮ ከሃያ ከፈለች። ሰውዬው ከቴሬዚዮ ባር ጊዜ ጀምሮ ያውቃታል፤ ይህን ሁሉ ጨው ማን ሊጨርሰው ነው፣ ጠላት ልትጋብዢ ነው እንዴ ብሎ ቀለደባት። ዘመድ ነው አለችው ዴልፊና። ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀጥላ ብርቱካን፣ ፓርስሊ፣ ቅቤ፣ ቬርሙት የሚባለውን መራራ ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ ገዛች። በመጨረሻ ሥጋ ቤት ገብታ አንድ ኪሎ ተኩል የጥጃ ሥጋ ለአሮስቶ እንዲሆን በክር አስጠፍራ ወሰደች። አንድ ኪሎ ተኩል ለአንዲት ብቻዋን ለምትበላ ሴት ስንት ቀን እንደሚቆይ ሥጋ ሻጩ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ዕቅዷ ይህ ነበር። ሲኞር ቴሬዚዮ ነፍሱን ይማረውና የሚቆጣበት አንድ ነገር ነበር፤ የሰው ሆድ መክፈት እንጂ መሙላት የእኛ ሥራ አይደለም ይል ነበር። መራራ መጠጥ፣ ጨዋማ ነገር፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ። እንግዳው ባሩን ሲለቅ ምራቁ አፉን ሞልቶ፣ ወደ ቤቱ እየተቻኮለ መሄድ አለበት። እንደ ዛሬው ባር በትሪ ሩዝና ፓስታ ደርድሮ አሥራ ሁለት ዩሮ ክፈልና እስክትጠግብ ብላ ማለት ለቴሬዚዮ ውርደት ነበር። ዴልፊና የምታውቀውን ሙያ ሁሉ ዛሬ ታወጣዋለች። ርሃባቸውን ትቀሰቅሰዋለች። የአሮስቶው ሽታ ከምድጃው ወጥቶ ሳሎኑን ይሞላዋል። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ይሆናል፤ በክፍቱ በር ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ ይታያቸዋል። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትነሳና «በሉ እንግዲህ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሁሉም ወደየቤቱ» ትላቸዋለች። ሎሬዳና ቃሏን ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ። ከሰዓቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ሥጋውን በወይን ስታጠጣ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ስትለማመዳት ዋለች። አንዳንዴ በቁጣ ትላታለች፣ አንዳንዴ በፈገግታ። በፈገግታ የምትባለው የበለጠ እንደምትወጋ ወሰነች።

ቤቷ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ነው፤ ቫንኪሊያ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ ውስጥ ሟቹ ባሏ የሠራው ቁም ሳጥን፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ አለቀ። የወይራ ፍሬ በአንድ ሳህን፣ ኦቾሎኒ በአንድ፣ ድንች ቺፕስ በአንድ። በስሱ የተቆረጠ ዳቦ ላይ ቅቤ፣ በቅቤው ላይ ፓርስሊ የተነሰነሰበት ዓሣ፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ። እንደ እንጨት ቀጥ ያለው ቀጭን ደረቅ ዳቦ በብርጭቆ ቆሟል። ቬርሙቱ ቀዝቅዟል፣ ብርቱካኑ ተከትፏል። ከምድጃው የሮዝመሪና የሥጋ ሽታ መውጣት ጀምሯል። ዴልፊና ጆሮ ጌጧን አደረገች።

ፋብሪዚዮ አስራ ሁለት ተኩል ላይ የበሩን ደወል ደወለ፤ ብቻውን ነበር። ሎሬዳና መኪና እያቆመች ነው አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሎሬዳና መጥታ፣ ትራሙ ዘገየብኝ፣ ይቅርታ አለች። ዴልፊና ሰማቻቸው፤ ነገር ግን ቂሟን ይዛ ተቀምጣ ስለነበር ሁለቱን ቃል አላስተያየችውም። ሎሬዳና ካገባችበት ቀን ጀምሮ አማቷን እርስዎ ነው የምትላት፤ አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ነገር። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ሎሬዳና ከመድኃኒት ቤቱ የእጅ ቅባት አምጥታላታለች። ዴልፊና ቅባቱን አመስግና ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረችው። ፋብሪዚዮ አየሩን አሸተተና እማዬ ምድጃው ውስጥ ምንድን ነው አለ። አሮስቶ ነው አለችው፤ የእኔ እራት። ሎሬዳና በክፍቱ በር ወደ ወጥ ቤቱ አየች፤ አንዷን ሳህንም አየች። ወዲያው ዓይኗን መለሰችና ስለ ትራሙ መስመር ጥገና ማውራት ጀመረች።

ዴልፊና ቀዳች። በረዶ፣ ቬርሙት፣ ትንሽ ሶዳ፣ የብርቱካን ቁራጭ። እጇ ሠላሳ ስምንት ዓመት የቀዳ እጅ ነው። የጂኔቭራ የሂሳብ መምህር ተነሳ፣ ስለ ኢዮላንዳ ወገብ ሕመም ተነሳ፣ ወሬው አለቀ። የሥጋው ሽታ ወፈረ። ያን ጊዜ ነው ዴልፊና፣ ሌላ የምትሠራው ስላልነበራት፣ የዱሮ ሥራዋን ሳታስበው የጀመረችው። እንግዶቿን ታይ ጀመር።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲጠጣ ያየ ዓይን ብዙ ነገር ያውቃል። ቤቱ እራት የሚጠብቀው ሰው የወይራ ፍሬ ሲያነሳ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ያነሳል፣ ያወራል፣ ፍሬዋን በጣቱ እንደያዘ ይረሳታል። እራት የማይጠብቀው ግን ሳህኑን ያያል። ጨዋ ይሆናል፣ አይጣደፍም፣ አንድ አንድ እያለ ይበላል፣ ነገር ግን አያቆምም። ደግሞም የመጨረሻዋን ያነሳል። ከጋራ ሳህን የመጨረሻዋን ቁራጭ ማንም አያነሳም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አንዲት የወይራ ፍሬ ሳህኑ ላይ ብቻዋን ስትቀር ሁሉም እንዳላያት ሆኖ ይጠጣል፣ በኋላ ባንኮኒ የምታጸዳዋ ሴት ትጥላታለች። የመጨረሻዋን የሚያነሳ ሰው ወይ ነውር አያውቅም፣ ወይ ከዚህ ወጥቶ የሚበላው የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ዴልፊና ለሲኞር ቴሬዚዮ በዓይኗ ትነግረዋለች። ቴሬዚዮም ከጓዳ ሥጋ የተሞላ ዳቦ በሳህን አምጥቶ ሰውዬው ፊት ያስቀምጥና «ነገ ይደርቅብኛል፣ እባክህ አግዘኝ» ይለዋል። ሰውዬው ቴሬዚዮን ያግዘዋል። ፋብሪዚዮ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት መጥቶ የባሩ ጥግ ላይ የቤት ሥራውን እየሠራ ይህን ስንት ጊዜ አይቷል።

ሎሬዳና አንድ የወይራ ፍሬ አንስታለች። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላ እጇ ውስጥ ይዛው ረስታዋለች። ብርጭቆዋ ግማሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አይታለች። ቤቷ እራት ይጠብቃታል። ፋብሪዚዮ አምስት ቁራጭ ዳቦ በልቷል። ስድስተኛውን አነሳ። የወይራ ፍሬዎቹን ዘር ሳህኑ ጠርዝ ላይ በሥርዓት ደርድሯል፤ ዴልፊና ሳትፈልግ ቆጠረች፣ አስራ ዘጠኝ። የቺፕሱ ሳህን ባዶ ሆኗል፤ ጣቱን በምላሱ አርሶ የቀረውን ጨውና ፍርፋሪ ለቀመው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ስለ አንድ አሮጌ ሊፍት ገመድ እያወራ ነበር፣ ድምፁም ደህና ነበር። ዴልፊና ያን ጊዜ አንገትጌውን አየችው፤ የተተኮሰው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው፣ ጀርባው እንደተጨማደደ ነው፤ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ አንጥፎ የሚተኩስ ሰው ሸሚዝ። በአዲሱ ባር ዓርብ ዓርብ ሦስት ሳህን ሩዝ የሚሞላው የከፈለውን በሆዱ ሊያስመልስ እየመሰላት ትስቅበት ነበር። እዚያ ሁሉም ሰው ሳህኑን ይሞላል፤ እዚያ ማንም ከማንም አይለይም። ቂሟን ረስታ የፋብሪዚዮን እጅ ብቻ ትከተል ጀመር።

ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሎሬዳና ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች። ካፖርቷን አነሳች። ፋብሪዚዮም እኩል ተነሳ፤ አብረው እንደሚሄዱ ሰዎች። ሲነሳ እጁ ወደ ሳህኑ ሄደና ብቻዋን የቀረችውን የወይራ ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ ጣላት። ማድረጉን ራሱም አላወቀም። ከሰዓቱን ሙሉ ስትለማመዳት የዋለችው ዓረፍተ ነገር ዴልፊና ምላስ ላይ ነበረች፤ ተዘጋጅታ፣ ፈገግታዋም ሳይቀር። ዋጠቻት።

«ሎሬዳና» አለች፤ «ዛሬ እናንተ ቤት እራት ምንድን ነው?»

«ሾርባ ነው» አለች ሎሬዳና። «ጂኔቭራ እያሞቀችው ይሆናል።»

«አንተስ፣ ፋብሪዚዮ? አንተ ቤት ምንድን ነው?»

ፋብሪዚዮ ሾርባ ሊል አፉን ከፈተ፤ እናቱን አያትና ሳይለው ቀረ። ካፖርቱን በአንድ እጁ ብቻ እንደለበሰ ቆመ። ሎሬዳና ወለሉን አየች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ጊዜው ማለቁን ለማሳወቅ ጮኸ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዴልፊና።

ነገሩ ሁሉ ቁጭ ብለው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተነገረ። ፋብሪዚዮ ከቤት የወጣው አምና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እሷ ሆስፒታል በገባች በሳምንቱ። ጠብም ሌላ ሰውም አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ መነጋገር ከተዉ ቆይተው ነበር፣ በቃ። ሐኪሙ ልቧን ምንም እንዳያስደነግጣት ብሎ ነበር። እስክትድን ብለን ነበር አለ ፋብሪዚዮ፤ ዳንሽ፣ እኛ ደግሞ እንዴት እንደምንነግርሽ ጠፋን። ባሪየራ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቷል። አልጋና መስኮት አላት፤ ምድጃ የላትም። ዴልፊና ይህን ስትሰማ ያን ሁለት ገና ያልተጠገነ ምድጃ አሰበች። ውሸቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት እንኳ አልነበረም። ወደ ሎሬዳና ዞረች።

«ጠዋት መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ» አለቻት። «ግፊቴን እየለካሁ።»

የሎሬዳና ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ያለችውን በሐሳቧ ስትፈልግ፣ ስታገኘው፣ ያችን ቃል ሌላ ሰው እንዴት እንደሚሰማት ሲገባት ዴልፊና አየቻት።

«ቤቴ ቢገቡ ያዩት ነበር» አለች ሎሬዳና፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ቁም ሳጥኑ ግማሹ ባዶ ነው። የእሱ ወንበር መጽሐፍ ተከምሮበታል። እሱን ነበር የፈራሁት፤ እርስዎን አይደለም።»

«ታዲያ ዓርብ ዓርብ ለምን ትመጪ ነበር? ከእሱ ከተለያየሽ እኔ ምንሽ ነኝ?»

ሎሬዳና በወረቀት የጠቀለለችውን የወይራ ዘር በጣቷ ታሽከረክረው ጀመር። ፋብሪዚዮ መስኮቱን ያያል፤ ይህን እሱም ሰምቶት እንደማያውቅ ያስታውቃል።

«መጀመሪያ እሱ ለምኖኝ ነው» አለች። «በኋላ አልለመነኝም። መምጣት ለመድኩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለእኔ ብሎ ጆሮ ጌጥ የሚያደርግ ሰው የለም።»

ዴልፊና እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና መለሰችው። ጠዋት ከመድኃኒት ቤቱ ጀምሮ ይህችን ሴት በልቧ ስትሰድባት ውላለች፤ ቀስ አድርጋ፣ እያጣጣመች ነበር የሰደበቻት። ይህች ሴት ግን ግዴታ ሳይኖርባት፣ ሥራ ውላ ደክሟት፣ ልጇን እቤት ትታ፣ ዓመት ከአራት ወር ዓርብ ሁሉ ልብሷን ለውጣ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ዴልፊና አፈረች። ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አሮስቶውን ከምድጃው አወጣች፣ ክሩን ፈታች፣ ቆራረጠችው። ግማሹን ከነመረቁ ክዳን ባለው የሸክላ ሳህን አድርጋ በፎጣ ጠቀለለችው። ከመደርደሪያው ሁለተኛ ሳህን አውርዳ ካንዱ ሳህን ፊት ለፊት አስቀመጠች፤ አራት ወፍራም ቁራጭ ሥጋ፣ ድንች፣ የተረፈውን ዳቦ ጨመረችበት። ፋብሪዚዮን ጠራችው። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ካፖርቱ አሁንም ከአንድ ትከሻው ተንጠልጥሏል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ከመሐል ሳስቷል።

«ነገ ይደርቅብኛል» አለችው ዴልፊና። «እባክህ አግዘኝ።»

ፋብሪዚዮ ቃሉን አወቀው። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፣ ሹካውን አነሳ።

ዴልፊና የተጠቀለለውን ሳህን ይዛ ሎሬዳናን እስከ ደረጃው ሸኘቻት። የኢዮላንዳ በር ትንሽ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። ሳህኑ ይሞቃል፣ በሁለት እጅሽ ያዢው አለቻት። ሎሬዳና ያዘችው። ይህን ሁሉ አለች፤ እኛ ሁለት ነን። ጂኔቭራ እያደገች ነው አለቻት ዴልፊና። ጉንጭ ለጉንጭ ሊሳሳሙ ሲሉ ሳህኑ መሐላቸው ገባና በደንብ አልሆነላቸውም። ሎሬዳና ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች።

«ሳህኑን መቼ ልመልስልዎት?»

«ዓርብ።»

«እሺ። አስራ ሁለት ተኩል ላይ እመጣለሁ።»

«አስራ ሁለት ተኩል አይደለም» አለች ዴልፊና። «ጂኔቭራን ይዘሽ፣ ሁለት ሰዓት ላይ።»